የግራናው ሰው ጾም

በጦርነቱ ጊዜ ታጣቂዎች የያዙኝ ውርጌሳ መንገድ ላይ ነው። ስልኬን ፈትሸው ለወንድሜ የላክሁትን መልእክት አገኙና «ሰላይ ነህ» አሉኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። መርሳ አምጥተው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። በሩ ሲከፈት የማሽላ ትቢያ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ «ይማርህ፤ ግባ እንግዲህ፣ ቤት ለእንግዳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሰው በቀስታ ሳቀ።

የሳቁት ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጡ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ያናገረኝ እዚያው መርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና የመጣ ገበሬ ሲሆን ሙስሊም ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ «አያ» እለው ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። ታጣቂዎቹ ከየገበሬው ቤት የነዱት ከብት በዝቶ ነበርና በቀን አንዴ የሚሰጡን የሥጋ መረቅ የፈሰሰበት የማሽላ እንጀራ ነው። ቄሱ ስለ ጾማቸው አይቀምሱም። አያ ደግሞ ሙስሊም ያላረደውን አይበላም። ጠባቂው «ሥጋ እምቢ የሚል እስረኛ ገና እናንተን አየሁ» እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ጾም እያለብኝ በላሁ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን በልቻለሁ። ቄሱ «ብላ ልጄ፣ ገና ታድጋለህ» ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም።

መርሳ የምትኖር የአያ እህት ጥቁር አዝሙድ ያለበት ዳቦ በጠባቂው በኩል ትልክ ነበር። እርሱና ቄሱ ለሁለት ይገምሱታል። ቀን በቀን ዱቄት እየጠፋ ሲሄድ ዳቦውም አነሰ፤ በመጨረሻ መዳፍ አከለ። ያን ጊዜ ቄሱን ወባ ጣላቸው።

«አባ፣ ዛሬ ዳቦውን አንቱ ይብሉት» አለ አያ። «እኔ ጿሚ ነኝ።»

«የምን ጾም? ረመዷን አሁን ነው?»

«ቀዷ አለብኝ። በረመዷን ታምሜ ሦስት ቀን አፍርሻለሁ፤ ያንን ነው የማወጣው።»

ቄሱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዳቦውን በውኃ እያራሱ በሉ። ሦስቱ ቀን አለፈ። በአራተኛው አያ አሁንም ጿሚ ነኝ አለ።

«አላለቀም እንዴ?»

«ለካስ አምስት ኖሯል፣ አባ።»

በስድስተኛው ቀን ሰባት ሆነ። «ሐጂ» አሉት ቄሱ፣ «ያንተ ቀዷ ሲከፍሉት የሚወልድ ነው።»

«ሐጂ አይደለሁም፣ አባ። መካን ያየሁት በሥዕል ነው።»

ፀሐይ ስትጠልቅ እጁን ኪሱ ውስጥ አግብቶ፣ «ቆሎ አለኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያኝክ ነበር። ኪሱን ግን ጠዋት ሲገለብጠው አይቻለሁ፤ ትቢያ ብቻ ነው የወጣው። ለቄሱ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ብነግራቸው መብላት ያቆማሉ፤ ካልበሉ ደግሞ አይተርፉም። ዝም አልሁ።

በሰባተኛው ቀን አያ ለሶላት ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ ነው የቆመው። ቄሱ አዩት። ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ዳቦውን ሳቀርብላቸው «ዛሬ እቆያለሁ» አሉ። «አባ፣ ይብሉ እንጂ» ብል፣ «እቆያለሁ አልሁ እኮ» አሉኝ።

መብራት ስለሌለ የመርሳ አዛን ያለ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚሰማው። እንደ ሰማነው ቄሱ በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። ጥምጥማቸውን ፈልገው፣ ዙሩን ሳያዛንፉ በዝግታ ጠመጠሙ። ከዚያ ዳቦውን ወደ አያ ዘረጉ።

«ና ሐጂ፣ አፍጥር።»

«ቆሎ አለኝ፣ አባ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አያ እጁን ኪሱ ላይ ጫነ።

«የጾመ ሰው ሲመሽ ያፈጥራል ወይስ አያፈጥርም?»

«ያፈጥራል።»

«እንግዲያው አንተ ካልቀመስህ እኔም አልቀምስም።»

አያ ፈገግ አለ። «ቄስ ሆነው ሸሪዓ ያስተምሩኝ ጀመር» አለና ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሰደደ።

ቄሱ ዳቦውን ለሦስት ቆረሱት። «እኔ በልቻለሁ» አልሁ፤ አንገቴን ደፍቼ።

«ያ ምሳህ ነው። ይህ ሌላ ነው።»

ከቀናት በኋላ ጦርነቱ ከከተማው ሲርቅ በሩ ተከፈተ። ቄሱ በአያ ትከሻ ተደግፈው በእግራቸው ወጡ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የነቢያት ጾም ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ስለ መስጠት እንማራለን፤ አምላክ ከሀብቱ ቆርሶ ሳይሆን ራሱን እንደ ሰጠ። በትጋት እጽፋለሁ። አያ ይህን ትምህርት በእኛ በክርስቲያኖቹ ቋንቋ ሰምቶት አያውቅም፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት በእርሱ ነው። እስር ቤት ይናፍቃል ብል ማን ያምነኛል? ያ ምሽት ግን ይናፍቀኛል። ሦስታችን ትከሻ ለትከሻ ተጠግተን፣ ትልቁን ቁራሽ አንዱ ወደ ሌላው እየገፋ፣ ዳቦው እስኪደርቅ ስንከራከር።