ስማቸውን የማትጠራ ምስክር

የቤተሰባችንን የዘር ዛፍ ኢንተርኔት ላይ የከፈተው አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዴ ነው። የእሱ ቅድመ አያትና የእኔ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። ሥራው ኦዲተር ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛፉ ላይ ማንኛውም ዘመድ ገብቶ ይጽፋል፤ የጻፈውን ደግሞ ሌላው ገብቶ ያርማል። ሕጉ አንድ ነው፤ የማንንም የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ ማን እንደነገረህ ወይም የት እንዳየኸው ከሥሩ ታስቀምጣለህ። ምንጭ የሌለው ነገር ይሰረዛል። ሰራዡም እሱ ነው።

እኔ ያኔ አምቦ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ሕጉን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛም ዘንድ ስም ያልተጻፈበት የናሙና ብልቃጥ ይደፋል እንጂ አይመረመርም። እናትየዋ «የልጄ ነው፣ በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት» ብላ ብትምልም ይደፋል። እንዲህ ዓይነት ዘመድ ስላገኘሁ ኮራሁ። ኩራቱ ብዙም አልቆየም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የቅድመ አያቴን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። ገጹ እንደ ኤሊ እየተሳበ፣ እኔም መብራት እንዳይጠፋ እየለመንኩ፣ በመጨረሻ ወጣ። እንዲህ ይላል፤ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ልጅ አልወለደችም ብለው ምራታቸውን ከቤት አባረሩ፤ ለምነው ያስመለሷት ደጉ ወንድማቸው ናቸው። ምንጭ፦ የዘመዴ አባት። ደጉ ወንድም እንግዲህ የራሱ የዘመዴ ቅድመ አያት መሆናቸው ነው። ምራቲቱ ደግሞ አያቴ ናት፣ የአባቴ እናት። ወንጪ አፋፉ ላይ፣ እንሰቷ መሐል፣ በሕይወት አለች። ስለ እሷ ይህ ሁሉ ሲጻፍ አንድ ሰው እንኳ ሄዶ እሷን አልጠየቀም። ደሜ ፈላ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወጣሁና ቀሪውን በእግሬ ሄጄ ደረስኩ። አኮ ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ጓሮ ሆና የእንሰት ቅጠል ታስራለች።

«አኮ፣ የባልሽ አባት ከቤት አባረውሽ ነበር እንዴ?»

እጇ ቆመ። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ኮምፒዩተር ላይ ተጽፏል።»

«ለሁሉም ሰው ይታያል?»

«ለዘመድ ሁሉ ይታያል።»

ቅጠሉን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አኮ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። «ይህ ነገር እሳቸው ላይ ተጽፎ እኔ አፈር አልገባም» አለችኝ። «ከመሞቴ በፊት አስጠፊው። ሰማሽኝ ልጄ?»

ሰምቻታለሁ። ስልኬን አወጣሁና መቅዳት ጀመርኩ፤ እሷም ነገረችኝ። ካገባች በኋላ ዓመታት አለፉ፣ ልጅ የለም። ዘመድ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ ብሎ ቆረጠ። ሳጥኗ በቅሎ ላይ ተጫነ። ይሄኔ እሳቸው በርጩማቸውን አምጥተው የግቢው በር ላይ ተቀመጡ። መውጣት የሚፈልግ እኔን ተራምዶ ይውጣ አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተነሱም። ዘመዱም እያጉረመረመ ሳጥኑን አራግፎ ተበተነ። ልጆች ከዚያ በኋላ መጡ፤ የመጀመሪያው አባቴ ነው።

ቅጂውን ይዤ እየሮጥኩ አምቦ ተመለስኩ ማለት ይቻላል። ታሪካቸውን እንደገና ጻፍኩት፤ ምንጩን አስቀመጥኩ፤ ድምፁንም ጫንኩት። ድምፁን ለመጫን ብቻ ያ ኢንተርኔት ቤት ምን ያህል እንዳስለቀሰኝ አላወራም። በሳምንቱ ስከፍተው ተሰርዞ አሮጌው ጽሑፍ ተመልሷል። ከሥሩ እንዲህ ብሏል፦ «ቅጂው ላይ የባለታሪኩ ስም አልተጠቀሰም። ‹እሳቸው› ማን ናቸው? ደጋፊ ማስረጃ ይቅረብ።»

ወዲያው ደወልኩለት። ለጉ የሚባል ነገር መኖሩን አስረዳሁት። በእኛ በኩል ሴት ካገባች በኋላ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ፊታቸው አትጠራም፣ ከኋላቸው አትጠራም፣ ከሞቱም በኋላ አትጠራም። ስማቸውን የሚመስል ሌላ ቃል እንኳ ሲመጣባት ዞራ ታልፈዋለች። በቤታችን ይህ የሚጸናው ለባል አባት ብቻ ነው፤ ሌላውን ዘመድ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት ነው፣ እያለች በስሙ ትጠራለች። አኮ ‹እሳቸው› ካለች እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ማን ሊሆኑ ነው!

በትዕግሥት አዳመጠኝ። ያ ትዕግሥቱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። «ባህሉን አከብራለሁ እህቴ» አለኝ። «ግን ባህል ምንጭ አይደለም። ወንድማቸውም እኮ ‹እሳቸው› ናቸው። አባቴ ደግሞ በስም ጠርቶ ነው የነገረኝ።»

«አባትህ ያኔ አልተወለደም!»

«ቢሆንም ስም ጠርቷል።»

ስልኩን ዘጋሁበት። የሚያናድደው ደግሞ የተናገረው የእኔኑ ሕግ መሆኑ ነው። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ስም የሌለው ብልቃጥ ይዛ መጣች፤ እንደ ልማዴ ደፋሁት። እጄ ግን ከበደኝ። ለዚህም በእሱ ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት የለም። አኮን ስሙን በሹክሹክታ እንድትለው ለመንኳት፤ የሰደብኳት ያህል ፊቷን አዞረች። እሺ እኔ ልጥራው፣ አንቺ ራስሽን ብቻ ነቅንቂ አልኳት። በብዙ ልመና ነቀነቀች። ቤት ገብቼ ቅጂውን ስከፍት የሚሰማው የእኔ ድምፅና የዶሮ ድምፅ ነው፤ ለካ መነቅነቅ አይቀረጽም! ጎረቤቷን ሽማግሌ አስቀርጬ ላክሁ፤ ስሙን ከነማዕረጉ በኩራት ጠርተውታል። መልሱ መጣ፦ «ግለሰቡ በቦታው ነበሩ?» አልነበሩም፤ ከአባታቸው ነው የሰሙት። ተሰረዘ።

በዚህ መሐል ነቀምት ያለ ሌላ ዘመድ ገብቶ ቅድመ አያቴን ፊታውራሪ አድርጎ ሾማቸው። ነብር በጦር እንደገደሉም ጨመረበት። ምንጭ በሚለው ቦታ ላይ «ይታወቃል» ብሎ ጽፏል። ኦዲተሩ እሱንም ሰረዘው፤ እውነት ለመናገር በዚህ ጊዜ ብቻ አመሰገንኩት። እኔ የእኚህን ሰው አንዲት እውነት ማስገባት አቅቶኛል፣ ሰው ነብር ያስገድላቸዋል!

አኮ ግን እያረጀች ነው። ሳል በረታባት፤ ከቤት ወደ ጓሮ መሄድ እንኳ ያደክማት ጀመር። በሄድኩ ቁጥር ሰላምታ ሳንጨርስ «ጠፋ?» ትለኛለች። «አልጠፋም አኮ» እላታለሁ። ዝም ትላለች። ያንን ዝምታ ላለመስማት ስል አንዳንድ እሑድ ቀርቻለሁ። ልዋሻት አስቤም ነበር፤ የሚያጣራላት ሰው የለም። ግን ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳለ እያወቅኩ እንዴት ዓይኗን አያለሁ?

በመጨረሻ ደወልኩና ጮኽኩበት። «ማስረጃ ካልክ ናና ራስህ ተቀበል! ሴትዮዋ እየሞተችብኝ ነው» አልኩት። ይመጣል ብዬ አይደለም የጮኽኩት። እሱ ግን መጣ። የከተማ ጫማውን አድርጎ፣ ጥሩ የድምፅ መቅጃ በቦርሳው ይዞ፣ አምቦ ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጫማው ጭቃ ሆኖ ቀለሙ አይለይም። በዚህ ትንሽ ቀለል አለኝ።

አኮ የማን ዘር እንደሆነ ስትሰማ ከተኛችበት ተነስታ ጉንጩን ሳመችው። ቆጮ በአይብ አቀረበችለት፤ ካልበላ እንደማትናገር ነገረችው። በላ። መቅጃውን ከፊቷ አደረገና በተሰባበረ ኦሮምኛው ጀመረ።

«እማማ፣ የባልዎ አባት ስማቸው ማን ነበር?»

«ለኪ» አለች። አይሆንም ማለቷ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለታሪክ።»

«ለኪ ልጄ። ሌላ ጠይቀኝ።»

እኔ ጥግ ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ። እሱ ትንሽ አሰበና ታሪኩን እንደገና እንድትነግረው ጠየቃት። ነገረችው። ያን ቀን የተሰበሰቡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራች። ሳጥኗን ያሰረችውን ሴት ጠራች፣ የበቅሎዋን ባለቤት ጠራች፣ የበቅሎዋን ስም ሳይቀር ጠራች። በር ላይ የተቀመጡት ጋ ስትደርስ «እሳቸው» አለች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በር ላይ የተቀመጡት ወንድማቸው ሊሆኑ አይችሉም?»

አኮ ወደ እሱ ዞር አለች። ለእኔ ስትነግረኝ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ዘመድ ፈረደ ብላ ነበር ያለፈችው፤ ማን መጀመሪያ እንደተናገረ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን ግን የዘመዴን ቅድመ አያት፣ ኦቦ ብላ፣ ጥርት አድርጋ በስማቸው ጠራቻቸው።

«እሱማ ትመለስ ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ነው» አለች። «ሳጥኔንም በቅሎዋ ላይ የጫነው እሱ ነው። አትዘን ልጄ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የወንድሙ ቤት ያለ ዘር እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ስለ እሱ ይህን ባላወራ ደስ ባለኝ ነበር። አንተ ጠየቅኸኝ።»

ዘመዴ ፊቱ ተለዋወጠ። መቅጃውን አየ፣ እኔን አየ። «ሁሉንም በስም ጠርተዋል» አለኝ በአማርኛ ቀስ ብሎ። «የእኔንም። ያልጠሩት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለፈልፍ የከረምኩት ምን ነበር!» አልኩት። ብናገረውም አልወጣልኝም።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሥራውን ሳይጨርስ አይነሳም። ዛፉ ሴቶች ላይ «ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም» የሚል ቦታ አለው። ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟ አይቀየርም፣ ባዶውን ተወው ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄዋለሁ። አሁንም ጠየቃት፦ «ከማግባትዎ በፊት ሌላ ስም ነበርዎት?» ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ደግሞ ጀመረ አልኩ።

«አዎ» አለች አኮ።

አባቴም፣ እኔም፣ ሰፈሩም የምናውቃት በአንድ ስም ነው።

«ከአባቴ ቤት ሌላ ስም ይዤ ነበር የመጣሁት» አለች። «የዚያን ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ እሳቸው ከበርጩማው ተነስተው ወደ ጓዳ መጡ። እያለቀስኩ ነበር። በአዲስ ስም ጠሩኝ። ማንን ነው የሚጠሩት ብዬ ዞር አልኩ። ‹አንቺን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነው ስምሽ። ስም ያወጣሁላት ልጄ ናት። ከአባቷ ቤት ደግሞ ማንም አያስወጣት› አሉኝ። የድሮውን ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።»

ዘመዴ መቅጃውን አጠፋ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ እንዲህ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ወደ መንገዱ ስንመለስ ጭቃው ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ መሳቅ አልቻልኩም።

በሳምንቱ ገጹን ከፈትኩት። አሮጌው ጽሑፍ የለም። የራሱ ቅድመ አያት ገጽ ላይም «ደጉ» የሚለው ቃል የለም፤ የአባቱን ስም ከምንጭነት አንስቶ ቅድመ አያቱ ያደረጉትን እንዳለ አስገብቷል። የቅድመ አያቴ ታሪክ ሥር እንዲህ ይላል፦ «ምንጭ፦ ምራታቸው፣ በቦታው የነበረች። ስማቸውን አልጠራችም። ስሟን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።»

አሳትሜው ወንጪ ወጣሁ። አኮ ከአልጋ አልተነሳችም።

«ጠፋ?»

«ጠፋ አኮ።»

«አንብቢልኝ።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ከፈትኩ። መጀመሪያው ላይ፣ በትልቁ የተጻፈው ስማቸው ነው። ይህን ስም ወረቀት ላይ ለማስጠበቅ ያን ያህል የተጣላሁት እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።

«እሳቸው» አልኩ።

«ቀጥዪ» አለችኝ።