ምርቃት የተባለችው ሳጥን

በ2017 ዓ.ም.፣ በጋው እንደገባ ነው። የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ሆነና አባባን ጎተራ፣ እኔ ጋ አመጣኋቸው። ዕቃ ስናወጣ ከአልጋቸው ሥር በአንሶላ የተጠቀለለው የሸክላ ማጫወቻቸው ተገኘ። ልጣለው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ወሎ ሰፈር ወዳለ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። በሩን ስገፋ የሚቀልጥ እርሳስ ሽታ ተቀበለኝ። ጋሽ ደሴ በትዝታ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ጋሽ ደሴ በልጅነቴ የሰፈራችን ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከሥጋ ቤቱ ጎን የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰማያዊ ጋዋን ለብሶ፣ የተበተነ የካሴት ክር በእስክሪብቶ እየጠቀለለ ይቀመጣል። የጣቶቹ ጫፍ በብየዳ ጠቁሯል። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ነይ የኔ እመቤት፣ ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?» ይለኛል። መልሴን እስክጨርስ የሚሰማኝ ትልቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

አባባ ዝምተኛ ናቸው። ፊታቸው የሚፈታው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ምሳ ሲነሣ ሸክላቸውን በነጭ ጨርቅ ያብሱና ይጭናሉ፤ በጾም በገና፣ በፍስክ ማሲንቆ። እኔንም ከጎናቸው ያስቀምጡኛል። ብዙ አናወራም። አብረን መስማት ነበር የእኛ ጨዋታ።

አንድ ቀን ጋሽ ደሴ ማጫወቻውን ሊያጸዳ መጣ። ከጀርባው፣ በማጫወቻውና በአምፕሊፋየሩ መሃል የተሰካች ግራጫ ሳጥን ነቀለ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አሉ አባባ።

«ፕሪአምፕ ናት፣ ጋሼ።»

«ፍሪ?»

ጋሽ ደሴ ሳቀ። «አዎ፣ ፍሪ! ከዕቃው ጋር የመጣች ምርቃት ናት። ባትኖርም ይሠራል።»

«ፍሪ ከሆነችማ ለድካምህ ትሁንህ» አሉ አባባ፣ እሳቸውም ስቀው።

በሚቀጥለው እሑድ በገናው ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ሆነ። አባባ ድምፁን ቢጨምሩት፣ ቢጨምሩት፣ የሚጨምረው እዝዝታው ነው። ጋሽ ደሴ ተጠራ። መርፌው ላይ አጎንብሶ ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«መርፌው ተነካክቷል፣ ጋሼ። ቤት ውስጥ ልጅ አለች አይደል?»

ጠዋት አቧራውን ጠርጌለት ነበር። አባባ ቀበቷቸውን ሲፈቱ ጋሽ ደሴ በመሃላችን ገባ። «ልጅ ናት! ስለ እመቤታችን ይማሯት!» ማሩኝ። ሲወጣ ከረሜላ በእጄ አስጨበጠኝ።

ማጫወቻው ግን አልጋ ሥር ገባ። ከጎናቸው መቀመጥም አብሮ ቀረ። ዕቃ በነካሁ ቁጥር አባባ «እጅሽን ሰብስቢ» ማለት ለመዱ። አግብቼ፣ ወልጄ እንኳ፣ እሳቸው ቤት ብርጭቆ የማነሣው አስፈቅጄ ነበር። ለነፍስ አባቴም ተናዝዤዋለሁ፤ የአባቴን እሑድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ። ጋሽ ደሴን ግን ባለውለታዬ አደረግኩት። ሲሞት አልቅሼ ቀበርኩት። ነፍሱን ይማር ሳልል ቅዳሴ ገብቼ አላውቅም።

ወሎ ሰፈር ያለችው ጠጋኝ ወጣት ሴት ናት። ማጫወቻውን ገልብጣ አየችው።

«ማዘር፣ ፕሪአምፑስ?»

«እሱ የግድ ነው እንዴ?»

«አዲሶቹ ውስጣቸው ስላላቸው ለብቻው አይፈልጉም። ይሄ ግን... ማለቴ፣ ከመርፌው የሚመጣው ድምፅ በጣም ትንሽ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ጋ ሳይደርስ የሚያጎላው ይፈልጋል። በቃ፣ ያለሱ የሚሰማው እዝዝታ ብቻ ነው።»

«መርፌውስ?»

«መርፌውማ ምን ሆነ? ደህና ነው።»

ጋሽ ደሴ አላወቀ ይሆናል ልል ፈለግኩ። አልቻልኩም። ሳጥኗን በወሰደ ሰሞን ከሱቁ የሚወጣው ዘፈን መንገደኛ ያቆም ነበር። አባባ ሱቅ በር ላይ የሚቆሙ ሰው አይደሉም፤ እኔ ግን እቆም ነበር። ግራጫዋ ሳጥን መደርደሪያው ላይ ነበረች። አንድ ቀን ጠጋ ስል «እሷን እንዳትነኪ! ያለሷ ይሄ ሁሉ ዲዳ ነው» ብሎኛል። ሰምቼው ነበር። ልጅ ነበርኩና ከእኛ ቤት ዝምታ ጋር አላገናኘሁትም።

ከቀበቶው ስላስጣለኝ ነው የወደድኩት። ቀበቶውን ያስፈታብኝም እሱው ነበር።

ልጅቷ ሌላ ሳጥን ሰክታ ስትሞክረው በገናው ሱቁን ሞላው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ማታ ጸሎት ላይ የጋሽ ደሴ ስም ጋ ስደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፤ ዘልዬው አለፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማጫወቻውን አባባ ክፍል ዘረጋሁና መርፌውን አሳረፍኩ። አባባ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ጥቂት አዳምጠው፦

«ምን ሆኖ ኖሯል?» አሉኝ።

ትንሿን ሳጥን በጣቴ አሳየኋቸው። «ይቺ ጎድላ ነው።»

ረጅም ጊዜ አዩዋት። የማንንም ስም አልጠሩም።

«አንቺ አልነበርሽማ» አሉ።

«አልነበርኩም፣ አባባ።»

ሸክላው አለቀ። መርፌው ዳር ላይ እየተንኮሻኮሸ ቆየ።

«እስቲ ገልብጪው» አሉኝ።

ገለበጥኩት።