በአንገት የሚጠለቅ እንግሊዝኛ

በዚያ የገበያ ቀን በቡታጅራው ትምህርት ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከሰሜን ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ መምህር አድማሱ፣ አንቱ ልለው ብዕሬ እምቢ ብሎኛል፤ የክፍል አለቃው ወርቁ፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ከድር፤ ኋላ ከአጥር ማዶ የደረሱት አባቱ አቶ ሙዘይን፤ እኔና የቀሩት የክፍላችን ልጆች። ስለዚያ ቀን ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን በአንድ ሥጋ ቤት ጓሮ ሳልፍ ፀሐይ የመታው ያደረ አጥንት ሸተተኝና፣ በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ ተደግፌ አስመለሰኝ።

መምህር አድማሱ እንግሊዝኛ የሚያናግር ጨዋታ ብሎ ያመጣልን የበሬ መንጋጋ ነበር። በወጉ ያልተቀቀለ፣ ጅማት የተጣበቀበት፣ ዝንብ የማይለየው መንጋጋ በሲባጎ ታስሮ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ይንጠለጠላል። ከጠዋቱ ደወል ጀምሮ አማርኛም ሆነ ጉራጊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ያመለጠው ልጅ በአንገቱ ያጠልቀዋል፤ የሚገላገለው ሌላ ተናጋሪ ሲይዝ ብቻ ነው፤ ትምህርት ሲያበቃ አንገቱ ላይ የተገኘበት ይገረፋል። ቅባቱ ኮሌታችንን ያጠቁረው፣ ሽታው እስከ ምሳችን ይከተለን ነበር። ከቋንቋው ይልቅ የተማርነው እርስ በርስ ማድባትን ነው፤ በእረፍት ሰዓት ሜዳው የዲዳዎች ማኅበር ይመስል ኳስ እንኳ የምንጠያየቀው በጥቅሻ ነበር።

ከድር ብቻ አንድም ቀን አጥልቆት አያውቅም። እንግሊዝኛው ከሁላችን የጠራ ስለነበር ወርቁ በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀው ነበር።

አቶ ሙዘይን ከመስቃን በርበሬ በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ሲመጡ ልጃቸውን ሳያዩ አያልፉም። በዚያ ቀን በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ከድሬ» አሉት። ከድር ቀና ብሎ አያቸውና ዝም አለ። የአባቱን ሰላምታ የነሣ ልጅ በአገራችን ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል? ወይስ ከተማ ስትገባ በአባትህ አፈርክ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባ» አለ ከድር።

«ሰር! ሰር! ያዝኩት! ከድር ተናገረ!» ሲል ወርቁ ጮኸ። የጮኸው በአማርኛ ነበር፤ ያንን ግን የቆጠረበት የለም።

መምህሩ መንጋጋውን ይዞ ወጣና በከድር አንገት እያጠለቀ፣ «ጎበዝ! ዛሬስ አንተም ማተብ አሰርክ!» አለው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ማተብ የክርስቲያን የአንገት ክር መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ያ ሳቅ ዛሬም ከመንጋጋው ይበልጥ ይከረፋኛል።

አቶ ሙዘይን በበሩ ዞረው ገቡ። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን እርድ በማይቀምስበት አገር የሚጠየቀውን በትሕትና ጠየቁ።

«ጌታዬ፣ የማን እርድ ነው?»

«የሥጋ ቤት ነዋ! የዚያ የኛው ሰውዬ። ብላው አላልኩት፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

ሽማግሌው የከረጢት ማሰሪያ የሚቆርጡበትን ቢላ አውጥተው ሲባጎውን በጠሱት። «ልጄ ለአባቱ ሰላምታ መለሰ። እዚህ ይህ ነውር ከሆነ፣ የእኔ ቤት ይበቃዋል» አሉና እጁን ይዘውት ወጡ። መምህሩ ሲባጎውን ቋጥሮ መንጋጋውን ከቦታው ሰቀለ፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

ከድር ዳግመኛ ትምህርት ቤት አልገባም። ከዓመታት በኋላ በርበሬ ሲሰፍር በገበያ አየው ነበር፤ ደህንነቴን በአማርኛ ይጠይቀኝና ፊቱን ወደ ሌላ ገዢ ይመልሳል። እኔ በዚያ ባዕድ ቋንቋ መጻሕፍት ስመረምር አርጅቻለሁ፤ እርሱ ቢማር ኖሮ የት እንደሚደርስ ባሰብኩ ቁጥር ግን የተማርኩት ሁሉ ያቅለሸልሸኛል።

አቶ ሙዘይን የነገሩት የመንጋጋው ወሬ በዚያው ቀን ገበያውን አዳርሶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ «ፕረዘንት» የሚል ድምፅ ከግማሽ በሚበልጠው ወንበር አልተሰማም። ከሠላሳ አራት ልጆች የተገኘነው ዐሥራ ሦስት ነበርን፤ ዐሥራ ሦስታችንም ክርስቲያኖች።