ሃምሳ አለቃ የዳኙት የጌም ጠብ

ከልብ ጓደኛዬ ጋር አንድ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ተኮራርፈናል። ምክንያቱን ለባለቤቴ ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ መሃል ላይ አፍሬ ትቼዋለሁ። በሴት ቢሆን፣ በመሬት ቢሆን፣ በኳስ እንኳ ቢሆን ለሰው ይገባል። እኛ የተጣላነው በየዓመቱ በሚወጣ የጦርነት ጌም ነው። እኔ ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ፤ ቃሊቲ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፤ ፋይል ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምጠራው፣ መጀመሪያም የምሰደበው እኔ ነኝ። እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ አቦ ሚኒባስ ይነዳል። የሁለት ልጆች አባት ነው።

ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ፣ በወንዶች ፀጉር ቤትና በአትክልት ቤት መካከል፣ አንድ ጌም ቤት አለ። ባለቤቱ ስልጤ ነው፤ ደንበኛ በጮኸ ቁጥር የራሱን ድምፅ እየቀነሰ የሚሄድ ትዕግሥተኛ ሰው። አብዛኛው ሰው እዚያ የሚመጣው ኳስ ለመጫወት ነው። ጥግ ላይ ያለችው ቴሌቪዥን ግን የእኛ የጦርነቱ ሰዎች ናት። ስድስት ሰባት እንሆናለን፤ ሁላችንም ጺም ሳናበቅል ጀምረን፣ ጺማችን ሲሸብትም መተው ያቃተን። ጌሙን «ወታደሩ» ነው የምንለው።

አዲስ «ወታደሩ» ሊወጣ ሲል መጀመሪያ የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ይለቀቃል። እኛ በሷ ሁለት ሳምንት እንከራከራለን። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም «ዘንድሮስ ሠሩት!» ይላል። በሁለተኛው ቀን አንዱ «አምናም እንዲሁ ብለን ነበር» ይላል። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ከመሪው ላይ ሆኖ ለግሩፓችን የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ከኋላው ክላክስ ይሰማል። «ወላሂ፣ ይሄ ጌም ሞቷል። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሬሳውን ልብስ እየቀያየሩ ነው የሚሸጡልን። ሁለተኛ ብነካው እጄ ይሰበር!»

እጁ እስከ ዛሬ ደህና ነው። በየዓመቱ ይምላል፤ ጌሙ በገባ ዕለት ደግሞ ሚኒባሷን ዳር አስይዞ «ፍሬን ሸራ ላስቀይር ነው» ብሎ ሁላችንንም ይቀድማል። እኔ በበኩሌ የጌሙ ጠበቃ ነበርኩ። ማንም አልቀጠረኝም። እሱ «ግራፊክሱ ያው ነው» ሲል እኔ «ጥላውን አይተኸዋል? ውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ አይተኸዋል?» እላለሁ። በሕይወቴ አቃቂ ወንዝ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ቆሜ አይቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ሲዲው የመጣው ከዱባይ፣ በጌም ቤቱ ባለቤት አክስት ሻንጣ፣ በሁለት ብርድ ልብስ መሃል ተጠቅልሎ ነው። ስድስታችን ቆመን ተቀበልነው። ባለቤቱ በሁለት ጣቱ ይዞ አስገባው። ማሽኑ ትንሽ አሰበና አንድ ጽሑፍ አወጣ፦ የቀረውን ከኢንተርኔት አውርዱ፣ ለማውረድ ደግሞ ቦታ የላችሁም።

ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ሮጦ መጥቶ ነበር። «ታዲያ ሲዲው ላይ ምንድን ነው ያለው?» አለ።

«ሥዕሉ» አለ ባለቤቱ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ማሽኑ ውስጥ ያለፉት ዓመታት «ወታደሩ» ሁሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ተደርድረዋል። «የትኛውን ላጥፋ?» አለኝ። ጓደኛዬ በዚያ ሰዓት ኮዬ ፈጬ የኮንትራት ሰው አድርሶ እየተመለሰ ነበር። ብንጠብቀው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን ቸኩያለሁ።

«አሮጌዎቹን ሁሉ አጥፋቸው» አልኩ። «ከነሴቩ።» እስከዚያ ተጫውተን የደረስንበት ሁሉ የሚቀመጠው ሴቩ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤቴ አንዲት ብጫቂ ወረቀት ለማስወገድ የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። እዚያ ግን ፊርማ የጠየቀኝ የለም።

ማውረዱ ከነመብራቱ መቆራረጥ አራት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ተሰብስበን ከፈትነው። ሙዚቃው ግሩም ነው። ተራራው ግሩም ነው። ሄሊኮፕተሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኮማንዶዎቹ ዘለው ወረዱ። ከመካከላቸው አንደኛው ከጆሮው እስከ ጭራው ሮዝ የጥንቸል ልብስ ለብሷል።

ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብን።

«ይሄ ወታደር ነው ሚዜ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አማራጭ ነው» አልኩ በጥብቅናዬ። «ካልፈለግክ አታለብሰውም።»

«እኔ ባላለብሰውስ? ለብሶ መጥቶ ከገደለኝ ምን ላድርግ?»

ጓደኛዬ በዚህ መሃል ደረሰ፤ ሳይቀመጥ ጆይስቲኩን ተቀበለ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥንቸሉ ሦስት ጊዜ ገደለው። በሦስተኛው ጊዜ ጥንቸሉ ሬሳው ላይ ቆሞ ጨፈረ። እኔ ለመሳቅ አፌን ስከፍት ፊቱን አየሁና ዘጋሁት።

«አሮጌውን ክፈትልኝ» አለ ለባለቤቱ። «የድሮውን። ያንን የበረሃውን።»

ባለቤቱ እኔን አየኝ።

«ጠፋ» አልኩ። «ቦታ አልነበረም።»

«ማን ነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ አጥፋ ያልኩት።»

«ሴቩንም?»

«ሴቩንም።»

ሲጮህ ለምጄዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን አልጮኸም። «ሳትጠይቀኝ?» አለ ብቻ። እዚያ ላይ ይቅርታ ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ስድስት ሰው እያየኝ ነውና፣ «ሰውዬ፣ ጌም እኮ ነው!» አልኩት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እናቶቻችን፣ ኋላም ሚስቶቻችን ሲሉን አብረን የሳቅንባትን ቃል እኔው አመጣኋት። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ፌርማታ ቆሜ ሳለሁ ሚኒባሱ መጣች። ጋቢናው ባዶ ነበር። ሁልጊዜ የኔ ቦታ ነው። አየኝ፤ ፍሬን እንኳ ሳይነካ አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ ቀን እንደማንም ሰው ተሰልፌ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ፣ መሥሪያ ቤት እየዘገየሁ ገባሁ።

ጌም ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአሮጌው ወገን እኔ እያለሁ አይገባም፤ የአዲሱ ወገን ደግሞ የሚገባው ለመጫወት ሳይሆን የአሮጌውን ወገን ለመስደብ ነው። በግሩፑ ላይ የሚጻፈውን ያየ ሰው ወረዳ የምንካፈል ይመስለዋል። በመጨረሻ ባለቤቱ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ከዚያ በፊት ሰምተነው በማናውቅ ትልቅ ድምፅ፣ «ሽማግሌ ይግባ!» አለ።

የተመረጡት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ የሚኖሩት ልክ ከጌም ቤቱ በላይ ነው። ጥይቱ ሁሉ የሚተኮሰው ከአልጋቸው ሥር ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወርደው ቆጥተውናል። በመጨረሻው ጊዜ «ሦስት ቀን ሙሉ ያው አንድ መትረየስ ነው የምሰማው፤ አፈሙዙ አይግልም እንዴ?» ብለው ነበር የሄዱት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጣቸው። እኔ በቀኝ፣ ጓደኛዬ በግራ፣ እንደ ተከሳሽ ቆምን። ጉዳዩን ስናስረዳ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሱን እያዩ ሰሙን።

«እኔ ያላየሁትን አልፈርድም» አሉ። «ክፈቱልኝ።»

ባለቤቱ ከፍቶ መጫወት ጀመረ። ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሄ ልጅ ሲሮጥ ነው የዋለው?»

«አዎ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ኮዳው የታለ? ውሃ የሚጠጣው መቼ ነው?»

«ውሃ አይጠጡም።»

«ቆይ፣ አሁን ተመታ አይደል? ማን አከመው?»

«ትንሽ ጥግ ይዞ ከቆየ ይድናል።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ይኸኔ ጥንቸሉ ከግንብ ጀርባ ብቅ አለ። እኛ ተሳቀቅን። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ደኅና አድርገው አዩት። «ይሄኛውስ እውነት ነው» አሉ። «እንደሱ ያለ አዛዥ ነበረን። ልብሱ ነው የተለየው።»

ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጆይስቲኩን ሰጠናቸው። አሥራ ሁለት ሰው የሚገባበት፣ መጨረሻ የቀረው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ሃምሳ አለቃ የትኛው ቁልፍ እንደሚያስተኛ ብቻ ጠየቁ። ሳሩ ውስጥ ተኙ። ከዚያ በኋላ ምንም አላደረጉም።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሂዱ እንጂ!» አለ ጓደኛዬ።

«ወዴት?»

«ጠላት ፈልገው ይግደሉ!»

«እኔ አልፈለግኋቸውም። የፈለገኝ ይምጣ።»

በዙሪያቸው ጦርነቱ ይነድዳል፤ ሕንፃ ይፈርሳል፤ ጥንቸሉ ራሱ ከአጠገባቸው ረግጧቸው ሊያልፍ ምንም አልቀረው። እሳቸው ሳሩ ውስጥ ናቸው። ሰው እያለቀ፣ አሥር፣ ሰባት፣ አራት እየሆነ ሄደ። እኛ ተከሳሽ መሆናችንን ረስተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን፣ «አይንቀሳቀሱ! እንዳይንቀሳቀሱ!» እያልን እንጮኻለን። አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ሁለተኛ ወጡ። የገደላቸውም ዝናብ ለመጠለል የመጣ በሚመስል ሁኔታ ድንገት የረገጣቸው ሰው ነው። ጭብጨባው አትክልት ቤቱ ድረስ ተሰማ።

ጓደኛዬ እንባውን እየጠረገ «ጦር ሜዳ ላይም እንዲህ ነበሩ?» አላቸው።

«እኔ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበርኩ ልጄ። የኔ ውጊያ ከካምቢዮ ጋር ነበር።»

ይህን ሲሰማ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለ ቁልቁለት፣ በሁለተኛ ማርሽ ስለሚወጣ ዳገት ሁለት ሾፌሮች እስኪበቃቸው አወሩ። ሃምሳ አለቃ ውሃ ይዘው ሲደርሱ ሰው ቦቴዋን እንዴት እንደሚያቅፋት ነገሩት፤ «አንድ ቀን ዘግይቼ ደርሼ ነበር» አሉና ያንን አልጨረሱትም። ከዚያ እንደ ዘበት፣ «አንተ ግን ምንድን ነው የጠፋብህ?» አሉት።

መጀመሪያ ወለሉን አየ። «ታናሽ ወንድሜ ሳውዲ ከመሄዱ በፊት ያንን የበረሃውን አብረን ነው የጨረስነው። እዚያ ላይ ስሙ ነበር። ከሄደ ወዲህ የምጫወተው በሱ ስም ነው። አምስት ዓመት።»

ያንን ስም በየቀኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አየው ነበር። የጌም ቅጽል ይመስለኝ ነበር። ወንድሙን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም ሰው የሚጠራው በቤት ስሙ ስለሆነ ዋናውን ጠይቄ አላውቅም። የሰው ፋይል እያስቀመጥኩ ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝ።

«ደውልለት» አሉ ሃምሳ አለቃ። «የተበደለው እሱም ነውና ይስማ።»

በስፒከር ደወለ። ወንድሙ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«ሃሎ! ምነው፣ ደህና? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ያቺ ጌም... ጠፋች።»

«የቷ ጌም?»

«ወታደሩ! የበረሃው! አብረን የጨረስነው!»

ከኋላው የፎርክሊፍት ጩኸት ይሰማል። «እናንተ እስካሁን ትጫወታላችሁ? አላህ ያሽራችሁ!»

ሃምሳ አለቃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ጓደኛዬም ሳቀ፣ ግን ከሁላችን ዘግይቶ። «እኔ እኮ» አለ ወንድሙ ከዚያ ማዶ፣ «ጌሙን ብዙም አልወደው። አንተ ስትጮህ ደስ ስለሚለኝ ነበር የምቀመጠው። በል፣ አለቃዬ መጣ፣ ቻው።»

ፍርዱ ተሰጠ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ጠየቅሁ፣ ትከሻውንም ሳምኩ። እሱ ፌርማታ ላይ ጥሎኝ እንዳያልፍ። ሦስተኛ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከአምስት እንዳያልፍ።

«ሦስተኛው ከጉዳያችን ጋር ምን አገናኘው?» አልኩ።

«ዳኛው እንቅልፍ የለውም» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባሷ ቆመችልኝ። ጋቢና ገባሁ። የቃሊቲን መንገድ ያዝን፤ የጭነት መኪኖቹ እንደ ልማዳቸው ዘግተውታል። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሳ፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ አዲሱ መጥፎ አይደለም። ለሰው እንዳትናገር» አለኝ።

«አልናገርም።»

ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «ረስቶታል እኮ» አለ። «የቷ ጌም አይለኝ መሰለህ!»

የመስኮቱን መስተዋት ዝቅ አደረግሁ፤ መልሼ ከፍ አደረግሁት።

«ደግ ነው» አለ ራሱ። «ሥራ ቢይዘው ነው የረሳው። ሥራ ፈት ቢሆን ያስታውሳት ነበር።»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ወራጅ አለ!» አሉ። ዳር ይዞ አቆመላቸው።