በጆንያ የተወሰደ መሬት

ነጭ ሽንኩርቴ ከእኔ ብሶ ሲገረጣ የግብርና ባለሙያዋን አማከርኩ። «አባባ፣ አፈር ውስጥ ክር የመሰለ ፈንገስ አለ። ሥሩ ላይ ተጣብቆ፣ ሥሩ ከማይደርስበት ምግብ ያመጣለታል፤ ሽንኩርቱም ስኳር ይሰጠዋል። የእርስዎ አፈር ውስጥ አንሶ ይሆናል» አለችኝ።

የጎረቤቴ ሽንኩርት ያምራል። ፈንገሱ እዚያ ከትሟል ብዬ አንድ ጆንያ አፈር ሳላስፈቅድ ዝቄ መደቤ ላይ በተንኩት።

«መሬቴን ወሰደ!» ብሎ ሽማግሌ ፊት ከሰሰኝ። ድንበር የገፋ ሞልቷል፤ መሬት በጆንያ ተሸክሞ የሄደ ግን እኔ ብቻ ነኝ። የአርባ ዓመት ጉርብትናችን በአንድ ጆንያ ሊፈርስ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ «አፈሩን መልስ» ብለው ፈረዱ። ከጓሮዬ ጆንያ ሞልቼ እነሱው ፊት ባቀርብለት በእጁ አሸት አድርጎ፣ «ይሄ የእኔ አይደለም! ይሄ ያንተው ሰነፍ አፈር ነው» አለኝ።

«ያንተውማ ከሽንኩርቴ ሥር ጋር ተጋብቷል፤ እንዴት ላፋታው?»

አፈሩን ከእጁ አራገፈና፣ «ከተጋቡማ ዘመድ ሆነናል፤ ጥሎሹ የታለ?» አለ። ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ክሱም አብሮ ፈረሰ።

አሁን በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ እኔን ዘልሎ መደቡን «ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ?» ይላል።