የሴል ሽፋን በቡታጅራ ሳሎን

ጠዋት፣ ከወልቂጤ

እሁድ ማለዳ ከወልቂጤ የተነሳነው ለሽምግልና ነው። ባልደረባዬ ደሳለኝ የቡታጅራዋን ሰላማዊትን ሊያገባ ይፈልጋል፤ አባቷ አቶ ገብሬ ግን "ሥራው ያልገባኝ ሰው ልጄን አያገባም" ብለው የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች መልሰዋል። ዛሬም እንቢ ካሉ ነገሩ አበቃ። ተናጋሪያችን ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ናቸው። እኔ ፀጉሬ ሳይሸብት የተጨመርኩት ሥራውን እንዳስረዳ ነው፤ ከደሳለኝ ጋር የመድኃኒት ሞለኪውል የሴልን ሽፋን በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ በኮምፒውተር እንገምታለን።

ሚኒባሱ ጉብሬን አልፎ ወደ ተራራው ሲወጣ ብርዱ ጠነከረ። ግራና ቀኝ ያለው እንሰት ጤዛ አዝሏል። ጋሽ ወልዴ "እስቲ በኔ ላይ ሞክረው" አሉኝና ማስረዳት ጀመርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ያንኮራፉ ነበር። ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ።

ረፋድ፣ ቡታጅራ

የአቶ ገብሬ ሳሎን በዘመድ ጢም ብሏል፤ ከጓዳ የክትፎው ቅቤ ይሸታል። እኛ ግን እንደ ወጉ "ልጃችሁን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም" ብለን በሩ ላይ ቆምን።

"ቁሙ እንግዲህ" አሉ አቶ ገብሬ ከወዲያኛው ጥግ። የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። "መድኃኒቱ የለ፣ ሴሉ የለ፤ ልጁ ምኑን ነው የሚያሻግረው? እኔ ያልዳሰስኩትን አልገዛም።"

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ መድኃኒቱ ይሁኑ፤ መሃል ያለው ዘመድ ሽፋኑ ነው" አልኩ። "ወደ እኛ ይለፉ።"

"እንዳታሳልፏቸው!" አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች፣ ሳሎኑም በሳቅ ተናጋ።

በየእርምጃው አስቆምኳቸው። "ምን ያህል ይገፉዎታል? መንቀሳቀሻስ አለዎት?" ዳር ላይ ቀላል ነበር። መሃል ሲደርሱ እህቶቻቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው መለሷቸው።

"እዚህስ ጉድ ነው!" አሉ አቶ ገብሬ።

"የእውነቱም ሽፋን መሃሉ ቅባት ነው፤ ብዙው መድኃኒት የሚቸገረው እዚያ ነው። በራሱ እስኪያልፍ ብንጠብቅ ጊዜው ረዝሞ ኮምፒውተሩም አይችለውም። ስለዚህ በየቦታው እያቆምን ግፊቱንና መንቀሳቀሻውን እናሰላለን፤ ደምረን ፍጥነቱን እንገምታለን። የማያልፈውን አስቀድመን ካወቅን በከንቱ አይደከምበትም።"

"ግምት ነው በለኛ?"

"ግምት ነው ጋሼ። በላብራቶሪ ከተለካው ጋር እያስተያየን እናርመዋለን።"

"ግምትማ የኔም እንጀራ ነው፤ የነገውን ዋጋ ገምቼ አይደል የምነግደው" አሉና ዘመዱን በትከሻቸው ሰንጥቀው ወጡ። ጋቢያቸው ተንሸራቶ፣ እያለከለኩ እኛ መሃል ቆሙ።

"ገብሬ፣ አሁን ከማን ወገን ነህ?" አሉ ወይዘሮ አስካለች።

ግራ ቀኝ አዩን። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ከሽማግሌዎቹ ነኝ። ልጅሽን ስጪን፤ ካልሰጠሽን አልቀመጥም።"

እልልታው ከጓዳ ጀመረ። ክትፎውን በአይብና በቆጮ እስክንጠግብ በላን።

ማታ፣ ወልቂጤ

ደሳለኝ ፈርቶ ስልኩን ዘግቶ ነበር የዋለው፤ መናኸሪያው በር ላይ አገኘነው። እኔ በመንገዱ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሥራዬ ለሰው ሲገባ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

"እንቢ ካሉ አትንገሩኝ" አለን።

"ሰጡን" አሉት ጋሽ ወልዴ።

"ማን ለመነልኝ?"

"አባቷ።"