የእንደራሴዋ ፊርማ

ከፋብሪካ የወሰዱኝ በቀትር፣ የምሳ ደወል እንደተደወለ ነው። ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረ። አቃቂ በሰቃ የነበረው የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ በሩ ሲከፈት የነቀዘ ስንዴና የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ወለሉ ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠዋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ቀና የሚል ግን የለም።

ቦታ የሰጡኝ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። "ነይ ልጄ፣ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ወደ እኔ ጠጋ በይ" አሉኝ። ማንነታቸውን ሌሎቹ በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ በንጉሡ ዘመን ለፓርላማ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የታሰርኩት በራሪ ወረቀት በትነሻል ተብዬ ነው። እንደራሴ የሚባል ሁሉ ለእኔ የባላባት ወገን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠየቅኳቸው። "ግን እርስዎን ማን መረጠዎት?"

"ሴቶች" አሉ። "በሦስተኛ ማዕረግ እየተሳፈርኩ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ እወርድ ነበር። እንቁላልና ሙዝ የሚሸጡትን ለመንኳቸው። ልጅ አዝለው መጥተው መረጡኝ።"

"ታዲያ ምን አደረጉላቸው?"

"ለወላድ ሠራተኛ ፈቃድ ይሰጥ ብዬ ምክር ቤቱ ውስጥ ተናገርኩ። ወንዶቹ ሳቁ። ሌላ ቀን ደግሜ ተናገርኩ። ያን ጊዜ አልሳቁም፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ።"

እናቴ እኔን በወለደች በስምንተኛው ቀን ወደ ማሽኗ የተመለሰች ሴት ናት። ይህን አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ ቢሮው አስጠራኝ። "ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው አሉ። ጻፊ" አለና በቃሉ ነገረኝ፦ "ሕዝብ አልመረጠኝም። ያስመረጡኝ ባላባቶች ናቸው።" ሴትዮዋ ፈርመው በቀበሌው ስብሰባ ላይ እንዲያነቡት ነበር የፈለገው። "ካስፈረምሻት አንቺም ትወጫለሽ" አለኝ።

ጻፍኩት። አንድ ፊደል ሳላበላሽ ጻፍኩት።

ወረቀቱን ስሰጣቸው አንደኛው መስታወት በረገፈ መነጽራቸው ቀስ ብለው አነበቡት።

"ምን አሉሽ?"

"ከፈረሙ እንደሚለቁኝ።"

"ቤት ማን አለሽ?"

"እናቴ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይህን ካልኩ ግን እነዚያ ሴቶች አልነበሩም ማለት ነው" አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ካድሬው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ፈረምሽ?" አላቸው፤ በልጃቸው ዕድሜ ሆኖ "አንቺ" ነበር የሚላቸው። እስክሪብቶ ተቀበሉት። ሁለቱን መስመሮች ሰረዙ፤ ከሥር ስማቸውን፣ ከስማቸው ቀጥሎ "በሕዝብ የተመረጠች እንደራሴ" ብለው ጻፉና ፈረሙ።

"አስፈርሚያት ነው ያልካት፤ አስፈርማኛለች" አሉት። "ልቀቃት።"

ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁላችንንም ደህና ሁኑ ብለው ወጡ። እኔ በሳምንቱ ተፈታሁ። በዚያ ፊርማ ይሁን በሌላ ምክንያት የነገረኝ የለም። የእሳቸውን መጨረሻም የነገረኝ የለም።

አሁን ወደ ሰባ እየተጠጋሁ ነው። አምና ለቅሶ ቤት ልጃቸው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እናቴን ያውቋት ነበር አሉ" አለችኝ። አብረን ታስረን እንደነበር፣ ለእኔ ምን እንዳደረጉልኝ ነገርኳት። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ግን አልነገርኳትም። እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ አመሰገነችኝና ሄደች።